መርፌና ክርዎን ይዘው ይሂዱ

የዛሬው ደብዳቤ ከደሴ ነው። ረዘም ስለሚል ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ 47 ደርሷል። ከሁለት ዓመት ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። ልጄ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብታልኝ ትወጣለች። ከመንገድ የገዛሁት መነጽር አለ። ጠዋት ይሻለኛል፣ ከሰዓት ራሴን ያመኛል። አባቴ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፍቶ ዛሬ በሰው እጅ ነው የሚሄዱት። ሐኪሙ ‹ግላኮማ ነው፣ ዘግይታችኋል› አለን። ጎረቤቶቼ ተመርመሪ ይሉኛል። እኔ ግን ፈራሁ። ዓይኔን በምን እንደሚነኩት አላውቅም። ጠብታው ያሳውራል ሲባልም ሰምቻለሁ። ደግሞ ማፈሬን አልደብቅም፣ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የፈረንጅ ፊደል አንብቢ ቢሉኝ ምን እላለሁ? መነጽር ከለመዱት ዓይን ይሰንፋል የሚሉትስ እውነት ነው? ወንድሜም የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እሱማ ጭራሽ አይሰማኝም። ምን ይመክሩኛል? ባለመርፌዋ ነኝ።»

እትዬ፣ አብሽሩ። ከሁሉ በፊት ስለ ፊደሉ ልንገርዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ ከጠብታውም ከግላኮማውም ይልቅ ልቤን የያዘችው ያቺ «ማፈሬን አልደብቅም» ያሏት ቃል ናት። እኔም በዚሁ ነገር አፍሬ አውቃለሁና።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ዓይን የሚመረምሩ ሰዎች ትምህርት ቤታችን መጡ። ግድግዳው ላይ ምልክት ያለበት ሰሌዳ ሰቅለው ምልክቱ ወዴት እንደዞረ በተራ እየጠሩ ይጠይቁን ጀመር። እኔ ወረፋው መሃል ነበርኩ። ከፊቴ ያሉት ልጆች «ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ቀኝ» ሲሉ እየሰማሁ ሸመደድኩት። ተራዬ ሲደርስ ከሦስተኛው መስመር በታች ያለው ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ግን አንድም ሳልሳሳት እስከ ታች ወረድኩት። «ጎበዝ፣ ዓይንህ ደህና ነው» ተባልኩ። እየፈነደቅሁ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ከጎኔ ከሚቀመጠው ልጅ ደብተር ስገለብጥ ኖርኩ። ዛሬ ሥራዬ ሆኖ የሰው ዓይን ስመረምር እውላለሁ። ያቺን ቀን ሳስባት ግን አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ትልቁ ምክሬ ይህ ነው፦ ይሉኝታን ከምርመራው ክፍል በር ላይ ጥለውት ይግቡ። ያዩትን ብቻ ይናገሩ። «አላየሁም» መልስ ነው። «ብዥ አለብኝ» መልስ ነው። «ሁለቱም ያው ነው» መልስ ነው። እኛ ወሎዬዎች ሰው ማስቀየም አይሆንልንም። መርማሪው ሌንስ ቀይሮ «አሁንስ ተሻለ?» ሲል፣ ድካሙን አይቶ «ተመስገን፣ በጣም ተሻለ» የሚል ሰው በየቀኑ ያጋጥመኛል። ምንም ሳይሻለው! ከዚያ የማይሆነውን መነጽር ይዞ ይሄዳል። በሳምንቱ መነጽሩ ሣጥን ውስጥ ነው።

ፊደል ማወቅ ደግሞ አያስፈልግዎትም። አንዲት ሦስት ጣት ያላት ምልክት ብቻ እየተደጋገመች የተሳለችበት ሰሌዳ አለ። ጣቶቿ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዞራሉ። ወደ ላይ ስትቆም የእኛን ንጉሡ ሠ ትመስላለች። ስትደፋ ደግሞ ጠን። የእርስዎ ሥራ ጣቶቿ ወዴት እንደዞሩ በእጅዎ ማሳየት ነው። አፍ መክፈት እንኳ አያሻም። ገና ሲቀመጡ «ፊደል አላነብም፣ የምልክቱን ሰሌዳ ያድርጉልኝ» ይበሉ። ማንም አይገረምም። የፊደሉን ሰሌዳ በ1862 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሔርማን ስኔለን የሚባል የሆላንድ ሐኪም ነው። እርስዎን ለመፈተን እንዳልሠራው እርግጠኛ ነኝ።

ሰሌዳው ከሚቀመጡበት 6 ሜትር ይርቃል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በመስታወት ያሳዩዎታል። አንድ ዓይን ሸፍነው በሌላው ያያሉ፣ ከዚያ ይቀያይራሉ። ሲሸፍኑ በመዳፍዎ ይሁን፤ በጣት ከሆነ በመሃሉ ይታያል። ዓይኑንም አይጫኑት፤ ከተጫኑት ሲገልጡት ለጥቂት ጊዜ ብዥ ይልብዎታል። ካርድዎ ላይ 6/6 ከተጻፈ ደህና ነው ማለት ነው። 6/60 ከተጻፈ ደግሞ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው በ60 ሜትር የሚለየውን እርስዎ ለማየት እስከ 6 ሜትር መቅረብ ይኖርብዎታል ማለት ነው።

አጥርተው ካላዩ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ጥቁር ነገር ዓይንዎ ላይ ያደርጉና «አሁንስ?» ይላሉ። ይህችን ብልሃት እወዳታለሁ። በቀዳዳው ሲያዩ ከጠራልዎ፣ ችግሩ ምናልባት መነጽር የሚያስተካክለው ነው። ካልጠራ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት። ቤትዎ ሆነው መሞከር ይችላሉ። ወፈር ያለ ወረቀት በመርፌ ይብሱና በቀዳዳው ውስጥ ራቅ ያለ ጽሑፍ ወይም የቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ። ጨዋታ ነው፤ ምርመራ እንዳይመስልዎ ብቻ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጥያቄ አለ። ስኳር አለብዎት? ደም ግፊትስ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? የማይስማማዎ መድኃኒት አለ? ዓይንዎን ተመትተው ያውቃሉ? ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ አለ? ብዙ ሰው ይህን እንደ ወሬ ያየዋል፤ ቶሎ አልፎ ወደ መሣሪያው መግባት ይፈልጋል። ለእኔ ግን ግማሹ ምርመራ እዚህ ነው። የአባትዎን ነገር ሳይጠየቁም ይንገሩ። ወረቀታቸው ካለ ይዘውት ይሂዱ። ዓይንዎ ውስጥ ጨምረው የሚያውቁት ነገር ካለም፣ ቅጠልም ይሁን ማር፣ አይደብቁ። ማንም አይቆጣዎትም። ከተቆጣዎትም ጥፋቱ የእሱ ነው።

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ነው። ቅርብ ስናይ ይወፍራል፣ ሩቅ ስናይ ይሳሳል። ዕድሜ ሲገፋ ይደርቃል። ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ቅርብ ያለው ነገር ይደበዝዛል፣ እጅም መርዘም ይጀምራል። ሰዎች ጋዜጣውን፣ ስልኩን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት ራቅ አድርገው ሲያዩ አላዩም? በሽታ አይደለም፤ ሽበት እንደማለት ነው። ለሁሉም ይመጣል፣ ልብስ ሰፊ ግን ቀድሞ ያውቀዋል።

መነጽር ዓይን ያሰንፋል የሚባለው እውነት አይደለም። መነጽር ቢያደርጉም ባያደርጉም ሌንሱ መድረቁን አይተውም። እስከ 60 ዓመት ገደማ ቀስ በቀስ ይቀጥላል። ሰው መነጽር ገዝቶ ከዓመታት በኋላ ከፍ ያለ ሲያስፈልገው «መነጽሩ አሰነፈኝ» ይላል። መነጽሩ ባይኖርም እዚያው ይደርስ ነበር። ልዩነቱ፣ ያለ መነጽር የሚሠራው ሰው በየማታው ራሱን ይዞ መተኛቱ ነው።

ከመንገድ ስለገዙት መነጽር ደግሞ ሻጮቹን አላማም። ብዙ እናቶች በዚያ መነጽር ምስር ለቅመዋል፣ ቁርዓንና ዳዊት አንብበዋል። ዓይን አያጠፋም። ግን ሁለቱም ሌንሶች ቁጥራቸው እኩል ነው፤ የሰው ሁለት ዓይን ደግሞ ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም። የሌንሱ መሃል ከብሌንዎ ፊት ላይውል ይችላል። የከሰዓቱ ራስ ምታት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። በእርስዎ ዕድሜ ብዙ ሰው ለቅርብ የሚያስፈልገው ከፕላስ 1.50 እስከ 2.00 ነው። ሰው ግን ከሰው ይለያል፤ ይህን ቁጥር ይዘው ወደ ሻጩ አይመለሱ! ሻጩ መነጽር ይሰጥዎታል እንጂ ዓይንዎን ገልጦ ውስጡን አያይልዎትም። የአባትዎ ልጅ ነዎትና የእኔ ጭንቀት እሱ ነው።

የመነጽሩ ልኬት ራሱ አስቂኝ ነው። በመጀመሪያ፣ ካለ፣ አንድ መሣሪያ ውስጥ አሻግረው እንዲያዩ ይደረጋል። ፊኛ ወይም ቤት ይታይዎታል፤ ይደበዝዛል፣ ይጠራል። ምንም አይበሉ፣ ዝም ብለው ይመልከቱ። ከዚያ ከባድ ክብ መነጽር አፍንጫዎ ላይ ተቀምጦ ሌንስ ይለዋወጥበታል። «ይሄ ይሻላል ወይስ ያ?» ይህ ጥያቄ ሃያ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። መጨረሻው ላይ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሚሆን ግራ ይገባዎታል። ግራ ከገባዎት «ድገሙልኝ» ይበሉ። «አልለየሁትም» ማለትም ትክክለኛ መልስ ነው። ያኔ መርማሪው ወደ ልኩ ደርሷል ማለት ነው።

መርፌና ክርዎን ይዘው ይሂዱ ያልኩት ለዚህ ነው። ጥቁር ጨርቅና ጥቁር ክርም ይያዙ፤ ሰፊን የሚፈትነው እሱ ነው። የቅርብ እይታ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። እርስዎ ግን መኪናው ላይ ሲቀመጡ ከዓይንዎ እስከ መርፌው ስንት ነው? በእጅ ሲዘመዝሙስ? ሜትሩ አንገትዎ ላይ ነው፤ ልጅዎ ትለካዎት። ቁጥሩን ይዘው ለመርማሪው ይንገሩ። መነጽሩ የሚሠራው ለሚሠሩበት ርቀት ነው። ባለ ሁለት ክፍሉን መነጽር፣ ላዩ ለሩቅ ታቹ ለቅርብ የሆነውን፣ እንዲወስዱ ቢነግሩዎት ስፌት ላይ እንደሚውሉ ደጋግመው ያስረዱ። ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ለሚሠራ ሰው ሙሉው ለቅርብ የሆነ አንድ መነጽር ይቀላል ባይ ነኝ። ሙሉው ለቅርብ ከሆነ ግን ወደ ደንበኛ ቀና ሲሉ ፊቱ ይደበዝዝብዎታል። ያኔ ዝቅ አድርገው በላዩ ይመልከቱት፤ ደንበኛም ይፈራል፣ ዋጋም አይከራከርም።

ቀጥሎ አገጭዎን አስደግፈው የሚቀመጡበት መሣሪያ ይመጣል። ግንባርዎን ወደፊት ገፍተው መቀነቷ ላይ ያስነካሉ። ሻሽዎን ወይም ሒጃብዎን ማውለቅ የለብዎትም፤ ከግንባርዎ ጥቂት ወደ ኋላ ሸሸት ካደረጉት ይበቃል። ክፍሉ ይጨልማል፣ ቀጭን ደማቅ ብርሃን ዓይንዎ ላይ ያርፋል። እንባ ሊመጣ ይችላል፣ ግን አያምም። መርማሪው በማጉያ የዓይንዎን ፊት፣ ብሌኑንና ሌንሱን ያያል። የዓይን ሞራ ካለ እዚህ ይታያል። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር። በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነገር!

የዓይን ቆብዎን ገልብጠው ካዩት አይደንግጡ። ትራኮማ እየፈለጉ ነው። ክልላችን በዓለም ትራኮማ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ትራኮማ በልጅነት ደጋግሞ ይይዝና ቆቡን ከውስጥ ያጠባሳል። በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይንን ይፍቀዋል። በሰፈር «ዓይኔ ላይ ፀጉር በቀለብኝ» የሚባለው እሱ ነው፤ ከወንድ ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። እናቶቻችን በወረንጦ ይነቅሉታል። ተመልሶ ሲበቅል ግን አጭርና ቆርቋሪ ይሆናል። ቆቡን የሚያስተካክል ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ። በዚያ ቀን ኩል አይኳሉ። ኩሉ ሽፋሽፍቱን ይሸፍናል፣ ከጠብታው ጋር ወደ ዓይን ይገባል። አንዳንዱ ኩል ውስጥ ደግሞ እርሳስ የሚባለው ማዕድን አለበት። የወሎን ቆንጆ ኩል ተዪ ማለት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለአንድ ቀን ነው።

የቀለም መለያ ገጾች ሊያሳዩዎት ይችላሉ፤ በነጠብጣብ መሃል ቁጥር ወይም መስመር መፈለግ ነው። የክር ቀለም በዓይን ስለሚያመሳስሉ እሱ አያሳስበኝም። ብዕር ወይም ጣት በዓይንዎ እንዲከተሉም ይደረጋል። እነዚህ ቶሎ ያልፋሉ።

አሁን ከባዱ። ግላኮማ።

ያልተዘመዘመ ጨርቅ እንዴት እንደሚተረተር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ከጠርዙ ነው የሚጀምረው፣ መሃሉ ደህና ይመስላል። ግላኮማም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ዓይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ነርቭ ቀስ እያለ ይሞታል። መጀመሪያ የሚሄደው የጎን እይታ ነው። ሰውየው ፊት ለፊት ያየዋል፣ ገንዘብ ይቆጥራል፣ ሰው ይለያል። ስለዚህ አይመረመርም። አያምም፣ አይቀላም። ሰው በር ሲገጨው፣ ደረጃ ሲስት «እርጅና ነው» ይላል። መሃሉ መተርተር ሲጀምር ያኔ ይመጣል። አባትዎ ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል። «ዘግይታችኋል» የተባላችሁት በእናንተ ስንፍና አይደለም፤ በሽታው ራሱ ድምፅ የለውም። የጠፋው አይመለስም። ገና ሲጀምር ከተገኘ ግን በየቀኑ በሚደረግ ጠብታ፣ በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና የቀረውን ማቆየት ይቻላል።

የግላኮማ ሰው ልጅ፣ እኅትና ወንድም ከሌላው ሰው የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። ይመጣብዎታል ማለት አይደለም፤ ይታይ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ሳይደረግልዎ ከምርመራው ክፍል አይውጡ፦ የዓይን ግፊት መለካትና ነርቩን ማየት። ወረፋ በበዛበት ቀን መነጽር ብቻ ታዞ ሰው ሊሸኝ ይችላል። «አባቴ በግላኮማ ነው ዓይናቸው የጠፋው፤ ግፊቴንና ነርቤን እዩልኝ» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ይሉኝታውን በር ላይ ትተነዋል ብያለሁ።

«በምን ይነኩኛል» ላሉት፣ ግፊት ሲለካ ነው የሚነካው። መንገዱ ብዙ ነው። በአንዱ የማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል። ለጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል፣ ከዚያ ምንም አይሰማዎትም። ብርቱካናማ ቀለም ይጨመርና ሰማያዊ ብርሃን ያላት ትንሽ ጫፍ ዓይንዎን ትነካለች። በሌላው ተጋድመው ትንሽ መለኪያ ዓይንዎ ላይ ይቀመጣል። ሌላው እፍ ብሎ አየር ይነፋል፤ የሚያስደነግጠው ይሄኛው ነው፣ አያምም ግን። ያለ ማደንዘዣ ቀጭን ነገር ነክታ የምትመለስበትም አለ። ትንፋሽዎን አይያዙ፣ ዓይንዎን አይጭመቁ፤ ሁለቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ቀለሙ ነጠላ ላይ ካረፈ ስለሚያስቸግር መሐረብ ይያዙ። ሲናፈጡም ቢጫ ሊወጣ ይችላል፣ አይደንግጡ። ድንዛዜው እስኪለቅ ሩብ ሰዓት ያህል ዓይንዎን አይሹት። ጤነኛ የሚባለው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ግፊታቸው እዚህ ውስጥ ሆኖ ግላኮማ ያለባቸው ሰዎች ስላሉ ነው ነርቡም ይታይ የምለው።

ነርቡን በደንብ ለማየት ብሌኑ መከፈት አለበት። ያ የተፈራው ጠብታ ይኸው መጣ።

አያሳውርም። ግን ወሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ጠብታው ብሌኑን ከፍቶ ለጥቂት ሰዓት ይይዘዋል። ቅርብ ያለው ይደበዝዛል፣ ብርሃን ይበረታል። ይህ እንደሚሆን ያልተነገረው ሰው «አሳወሩኝ» ቢል አልፈርድበትም። እኔ ራሴ ገና ሙያውን ሳልጀምር አንድ ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅር፣ ጠብታውን አድርገው አይተው «ጨርሰሃል» ብለው ሸኙኝ። ቀትር ላይ ነው። የደሴ ፀሐይ እንዴት እንደሆነች ያውቋታል፤ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ሆነን ጨረሯ ለብቻው ነው። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ታክሲ ይዤ ለወያላው አሥር ብር ብዬ መቶ ብር ሰጠሁት። ልጁ ሐቀኛ ሆኖ መለሰልኝ፤ «ጋሼ፣ አይታይህም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይታየኝም ነበር።

ስለዚህ የእርስዎ ቀን እንዲህ ይሁን። ጠብታው እስኪሠራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቃሉ። የእኛ ጥቁር ዓይን ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው፣ ሁለተኛ ጠብታ ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ ሐኪሙ በደማቅ ብርሃን ወደ ውስጥ ያያል፤ «ወደ ላይ ይመልከቱ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ» ይላል። ብርሃኑ ሲነሳ ለአፍታ ሁሉ ነገር ሐምራዊ ሊመስልዎት ይችላል፣ ይመለሳል። ብዥታው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፤ አንዳንዱ ጠብታ እስከ ማግሥቱ ያቆየዋል። የዚያን ቀን ስፌት የለም። ለደንበኛ ቀጠሮ አይስጡ፣ በተለይ የበዓል ልብስ የሚደርስበት ቀን እንዳይሆን። ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ጃንጥላ ወይም ጥቁር መነጽር ይያዙ። ጾም ላይ ከሆኑ ስለ ጠብታው ሸሁን ቀድመው ይጠይቁ ወይም ቀኑን ያዛውሩ። ለምርመራው ተብሎ መጾም ግን አያስፈልግም፤ ቁርስዎን በልተው፣ ቡናዎን ጠጥተው ይሂዱ።

አልፎ አልፎ፣ እምብዛም አያጋጥምም እንጂ፣ ብሌን ሲከፈት የዓይን ግፊት ድንገት የሚጨምርበት ሰው አለ። ማታ ላይ ዓይንዎን ክፉኛ ካመመዎት፣ ከቀላ፣ ካቅለሸለሸዎት፣ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ካዩ ጠዋትን አይጠብቁ፣ ወዲያው ይመለሱ።

ጠብታ መፍራት ካለብዎት የምርመራውን ሳይሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ይፍሩ። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ዓይን ሲቀላና ሲያሳክክ ቶሎ ያስታግሳል። ስለዚህ ሰው ይወደዋል፣ ለጎረቤት ያውሰዋል። ለረጅም ጊዜ ሲደረግ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ የዓይን ሞራም ያመጣል። ቤትዎ ካለ ይዘውት ሄደው ያሳዩ።

የት ልሂድ ካሉ፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። ቦሩ ሜዳን በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በጠሩት ጉባኤ ታሪክ ያስታውሰዋል። የእኛ ሰው ግን በዓይን ወረፋውም ያውቀዋል። በጠዋት ይነሱ። የጤና መድን ካርድዎን ይያዙና ምን ምን እንደሚሸፍን እዚያው ይጠይቁ። የሚወስዱትን መድኃኒትና ያን የመንገድ መነጽርም አይርሱ፤ ቁጥሩን ለክተው ያዩታል።

ሲጨርሱ ግፊትዎ ስንት እንደሆነ ጠይቀው ካርዱ ላይ ያስጽፉ። ከሁለት ዓመት በፊት ስንት እንደነበር ያልታወቀ ቁጥር ለሐኪሙ ግማሽ ቁጥር ነው። የመነጽር ማዘዣውን በስልክ ፎቶ ያንሱት። መነጽር ቤት ሄደው የብሌንዎን ርቀት፣ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል፣ ካልለኩ «ለኩልኝ» ይበሉ። ልብስ ሳይለካ አይቆረጥም፤ መነጽርም እንደዚያው ነው። አዲሱን መነጽር አንድ ሁለት ሳምንት ይልመዱት። ከዚያ በኋላም ራስዎን ካመመዎት ተመልሰው ይሂዱ፤ ማፈር የለም። ሁሉ ደህና ከሆነም፣ በአባትዎ ምክንያት በየአንድ ሁለት ዓመቱ ይታዩ።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። ድንገት ብርሃን ብልጭ ብልጭ ካለብዎት፣ ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛ፣ መጋረጃ እንደወረደ ከሆነ፣ ወይም የመኪናው መርፌ ተሰብሮ ዓይንዎ ውስጥ ከገባ በዚያው ቀን ይሂዱ። የገባውን ለማውጣት አይሞክሩ፣ አይሹት፣ አይጠቡትም፤ በላዩ ሳይጫን ሸፍነው ይሂዱ።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ እሱም የአባትዎ ልጅ ነው። ደግሞም የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የጎን እይታው የተተረተረ ሹፌር ከጎን የሚገባውን ባጃጅ አያይም። «ዓይንህን ተመርመር» ቢሉት እምቢ ካለ «እኔ ፈራሁ፣ አብረኸኝ ሂድ» ይበሉት። የእኛ አገር ወንድም ለራሱ ሐኪም ቤት አይሄድም፣ እኅቱን ግን ያደርሳል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ካርድ ያውጡለት። ጠብታውን ግን በአንድ ቀን አታድርጉት። ሁለታችሁም ብሌናችሁ ተከፍቶ ማን ማንን ይዞ ወደ ሰኞ ገበያ ይመለሳል?